የጎደላችሁ ሰው ነው ወይስ ቆጣሪ? የአፊሊየት መሣሪያ ለሚመርጡ ነጋዴዎች

ዕቃችሁን ወይም አገልግሎታችሁን ሌሎች ሰዎች በየገጻቸው እያስተዋወቁ እንዲያሸጡላችሁ፣ ለተሸጠውም ኮሚሽን ልትከፍሉ ወስናችኋል እንበል፤ አፊሊየት የሚባለው ይህ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ብዙ ጊዜ «የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?» የሚል ነው። ችኮላ አለበት። የአፊሊየት ሥራ ሦስት ጣጣ አለው፤ አስተዋዋቂ ማግኘት፣ ማን ምን እንዳሸጠ መቁጠር፣ ከዚያም መክፈል። ሦስቱንም እኩል አድርጎ የሚሠራ መሣሪያ እስካሁን አላጋጠመኝም። አንዱ ሰው ያመጣላችኋል፣ ግን ያስከፍላል። ሌላው አሳምሮ ይቆጥራል፣ ሰው ግን አያመጣም። ስለዚህ ዋጋ ከማወዳደራችሁ በፊት የጎደላችሁ ሰው ይሁን ቆጣሪ ለዩት።

ድለላን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። ደላላ ገዥና ሻጭን ያገናኛል፣ ድርሻውን ይወስዳል። እዚህ ላይ ግን ገዥው ማን እንዳመጣው አይናገርም፤ የሚመሰክረው ለእያንዳንዱ አስተዋዋቂ የሚሰጠው የተለየ ሊንክ ነው። ሊንኩ ሳይመሰክር ሲቀር ጠቡ በእናንተና በአስተዋዋቂው መካከል ይሆናል።

አማራጮቹ ሦስት ናቸው፤ ሦስት የሆኑበትም ምክንያት አለ። አማዞን በ1996 የአፊሊየት ፕሮግራሙን ሲጀምር ቆጣሪውን ራሱ ሠራ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ያን ያህል አቅም ለሌላቸው ነጋዴዎች በ1998 ኮሚሽን ጃንክሽንና ክሊክባንክ መጡ፤ ነጋዴውንና አስተዋዋቂውን መሃል ላይ ቆመው የሚያገናኙ ኔትወርኮች ናቸው። በኋላ ደግሞ «ሰዎቹን እኔ አመጣለሁ፣ መቁጠሪያውን ብቻ አከራዩኝ» ለሚል ነጋዴ የሚሆኑ ሶፍትዌሮች ተበራከቱ። ዛሬም ምርጫው በእነዚህ ሦስቱ መካከል ነው፤ ኔትወርክ፣ የኪራይ ሶፍትዌር፣ ወይም የራስ ሥራ።

ኔትወርክ፦ ሰው አለ፣ ግን የማን ሰው?

ዛሬ ሲጄ ተብሎ የሚጠራው ኮሚሽን ጃንክሽን፣ አዊን እና ራኩተን የዚህ ወገን ትልልቆቹ ናቸው። ኢምፓክት በኔትወርክና በኪራይ ሶፍትዌር መካከል ያለ ነው፤ ነጋዴና አስተዋዋቂ የሚገናኙበት የገበያ ቦታም አለው፣ ጠንካራ ሶፍትዌርም ነው፣ የሚበጀው ግን ብዙ ሽያጭ ላለው ድርጅት ነው። ክሊክባንክ በዋናነት የሚታወቀው በዲጂታል ምርቶች ነው።

ኔትወርክ የሚሰጣችሁ እውነተኛ ጥቅም ክፍያው ላይ ነው። በተለያዩ አገሮች ላሉ 80 ሰዎች በየወሩ ገንዘብ መላክ፣ የግብር ፎርም መሰብሰብ፣ «ያልደረሰኝ» የሚልን ሰው ማስተናገድ ቀላል ሥራ አይደለም። ኔትወርኩ አንድ ደረሰኝ ይልክላችኋል፣ የቀረውን እሱ ይጨርሳል። በብዛት ቅድሚያ ገንዘብ እንድታስቀምጡም ይጠይቃል፤ ይህ ነጋዴውን ቢያስከፋም አስተዋዋቂው እንደሚከፈለው እንዲያምን ያደርጋል። ስሙ ገና ላልታወቀ ነጋዴ ይህ እምነት ዋጋ አለው።

ነጋዴ የሚሳሳተው ሌላ ቦታ ነው። የሽያጭ ሠራተኛው «ብዙ ሺህ አስተዋዋቂዎች አሉን» ይላችኋል። አሉ፤ ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው። የሚበዙት ተመዝግበው የተኙ ናቸው፤ የነቁት ደግሞ ከትልልቅ ስሞች ጋር ውል አላቸው። ፕሮግራማችሁ ዝርዝሩ ላይ ስለተጨመረ ብቻ ተነስቶ የሚጽፍላችሁ ሰው የለም። ፈልጋችሁ፣ ጽፋችሁ፣ ናሙና ልካችሁ ማሳመኑ ኔትወርክ ውስጥም ሆናችሁ የእናንተው ሥራ ነው።

ዋጋውን በተመለከተ ከመመዝገቢያና ከወርሃዊ ክፍያ ይልቅ በእያንዳንዱ ኮሚሽን ላይ የሚጨመረውን ድርሻ አጥብቃችሁ ጠይቁ። ከኮሚሽኑ 20 ወይም 30 በመቶ መጠየቅ የተለመደ ነው። ለአስተዋዋቂው 10 ስትከፍሉ ለኔትወርኩ 3 ይጨመራል፣ ወጪያችሁ 13 ነው ማለት ነው። ትንሽ ይመስላል፤ በኋላ ሂሳቡን እንሠራዋለን።

ከዋጋው በላይ የሚያሳስበኝ ግን ግንኙነቱ የማን ነው የሚለው ነው። ከኔትወርኩ ስትወጡ ሊንኮቹ ይሞታሉ። አስተዋዋቂዎቹ በየጽሑፋቸው የለጠፉትን አንድ በአንድ መቀየር አለባቸው፣ ብዙዎቹ ደግሞ አይቀይሩም። ሳትወጡም ኔትወርኩ ራሱ ሊለወጥ ይችላል። ሼርአሴል በ2000 የተመሠረተና በነጋዴዎች የሚወደድ ኔትወርክ ነበር፤ በ2017 አዊን ገዛው፣ በ2025 ተዘግቶ ደንበኞቹ ወደ አዊን ተዛወሩ። ማንም አላጠፋም፣ የንግድ ጉዳይ ነው። ቢሆንም የአስተዋዋቂዎቻችሁን ስምና ኢሜይል በራሳችሁ መዝገብ የመያዝ መብት እንዳላችሁ ውሉ ላይ ሳታነቡ አትፈርሙ።

የኪራይ ሶፍትዌር፦ ቆጣሪው የእናንተ፣ ድካሙም የእናንተ

እዚህ ያለው ብዙ ስለሆነ ከሱቃችሁ ዓይነት ተነሱ። በሾፒፋይ የሚሸጥ ሰው ሪፈርሽንን ወይም አፕፕሮሞትን ይመልከት፤ ከሱቁ ጋር ቀጥታ ይገናኛሉ፣ ትዕዛዝ ሲሰረዝ ኮሚሽኑም መስተካከሉን ማረጋገጥ ግን የእናንተ ፈንታ ነው። በዎርድፕረስና በዉኮመርስ ለሚሸጥ አፊሊየት ደብሊው ፒ የሚባል ፕለጊን (በድረ ገጹ ላይ የሚጫን ተጨማሪ ሶፍትዌር) አለ፤ መረጃው በራሳችሁ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፣ ይህም ከላይ ለጠቀስኩት የባለቤትነት ጥያቄ ጥሩ መልስ ነው። ሰርቨሩ ሲወድቅ ግን ቆጠራውም አብሮ ይወድቃል። ወርሃዊ ሰብስክሪፕሽን ለሚሸጡ ድርጅቶች ሪዋርድፉልና ፈርስትፕሮሞተር የተሻሉ ናቸው፤ እንደ ስትራይፕ ካሉ ክፍያ አስፈጻሚዎች ጋር ስለሚያያዙ ደንበኛው ሲያቋርጥ ወይም ገንዘቡ ሲመለስለት ያውቃሉ። ሶፍትዌር ለድርጅቶች የሚሸጥ ደግሞ ፓርትነርስታክን ያያል፤ የራሱ የገበያ ቦታ ስላለው ወደ ኔትወርክነትም ይጠጋል። ታፕፊሊየትና ፖስት አፊሊየት ፕሮ ሁሉን አቀፍ ናቸው፤ የተለየ ዓይነት ሱቅ ያለው ሰው ዞሮ ዞሮ እነሱ ጋ ይደርሳል።

ስታወዳድሩ በዋጋ ገጹ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ይልቅ ዋጋው በምን እንደሚያድግ እዩ። አንዳንዱ በአስተዋዋቂ ብዛት ያስከፍላል፤ ተመዝግበው ምንም ያልሸጡትም ይቆጠሩባችኋል። አንዳንዱ ሊንኩን በተጫኑ ሰዎች ብዛት ነው፤ ታዲያ ቦት (ሰው መስሎ የሚጫን ፕሮግራም) ሲጭነውም እናንተ ትከፍላላችሁ። አንዳንዱ በአስተዋዋቂ በኩል በመጣ ገቢ ነው፤ ይኸኛው ቢያንስ ስታገኙ ብቻ የሚጨምር ስለሆነ እኔ እሱን እመርጣለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ ክፍያ ነው። «ክፍያ ያስተናግዳል» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው። አንዱ በእርግጥ ገንዘቡን ይልካል። ሌላው የሚከፈላቸውን ሰዎች ዝርዝር በፋይል አውጥቶ ይሰጣችኋል፣ እናንተ አንድ በአንድ ትልካላችሁ። ከመግዛታችሁ በፊት የትኛው እንደሆነ በግልጽ አስመልሱ።

የራስ ሥራ፦ የምታፍሩበት አይደለም

አስተዋዋቂዎቻችሁ ከ10 ካልበለጡ ምንም አትግዙ። ለእያንዳንዳቸው የራሳቸው ኩፖን (የቅናሽ ኮድ) ስጡ፣ በየወሩ መጨረሻ በየኩፖኑ የመጣውን ሽያጭ ከሱቁ አውጥታችሁ በኤክሴል ደምሩ። ኩፖን ኩኪ (ብራውዘር ላይ የሚቀመጥ ትንሽ መለያ ፋይል) አይፈልግም፣ ገዥው ሊንኩን በስልክ አይቶ በላፕቶፕ ቢገዛም ይሠራል፣ በድምፅና በቪዲዮ ለሚያስተዋውቅ ሰው ደግሞ ከሊንክ ይበልጣል። ድክመቱ መሾለኩ ነው፤ ኩፖኑ አንድ የቅናሽ ገጽ ላይ ከተለጠፈ ያልሠራ ሰው ይከፈልበታል። ለ10 ሰዎች ይህን በዓይን መቆጣጠር ይቻላል። ለ60 አይቻልም፤ ሶፍትዌር የሚገዛው ያኔ ነው።

ቆጠራው እንዴት ይሳሳታል?

መሣሪያዎቹ በእርግጥ የሚለያዩት እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ እንስጠው።

የድሮው መንገድ ይህ ነበር። ሰው ሊንኩን ይጫናል፣ በመሣሪያው ኩባንያ ስም ኩኪ ብራውዘሩ ላይ ይቀመጣል፣ ሲገዛ ኩኪው ይነበባል። የአይፎኑ ብራውዘር ሳፋሪ ይህን ዓይነት የሦስተኛ ወገን ኩኪ በ2020 ሙሉ በሙሉ ዘጋ። ፋየርፎክስ ከ2019 ጀምሮ ሰውን ከገጽ ገጽ በመከታተል የታወቁ ኩባንያዎችን ኩኪ ይከለክላል። ጉግል በ2020 ከክሮም አጠፋለሁ ብሎ፣ ቀኑን ደጋግሞ ሲያራዝም ከርሞ፣ በ2025 ዕቅዱን ተወው። ስለዚህ የድሮው መንገድ በክሮም ላይ ሊሠራ ይችላል፣ በአይፎን ግን ሞቷል። ከሽያጫችሁ ምን ያህሉ ከአይፎን እንደሚመጣ ተመልከቱና ኪሳራውን ገምቱት።

ዛሬ «የእኛ ኩኪ በራሳችሁ ድረ ገጽ ስም ነው የሚቀመጠው» የማይል ሻጭ የለም። እውነት ነው፣ ግን አንድ ቀዳዳ አለ። ኩኪውን የሚያስቀምጠው ጃቫስክሪፕት (ብራውዘሩ ውስጥ የሚሠራ የገጹ ኮድ) ከሆነ ሳፋሪ ከ2019 ጀምሮ ከ7 ቀን በላይ አያቆየውም፤ እንደ ሊንኩ ሁኔታ ወደ 24 ሰዓትም ሊያሳጥረው ይችላል። በፕሮግራማችሁ ገጽ ላይ «የ90 ቀን ኩኪ» ብላችሁ ጽፋችሁ አስተዋዋቂው በሳፋሪ በተግባር የሚያገኘው 7 ቀን ነው። ልምድ ያላቸው አስተዋዋቂዎች ይህን ያውቃሉ፣ ይጠይቋችኋልም።

የተሻለው መንገድ ሰርቨር ለሰርቨር የሚባለው ነው። ሰው ሊንኩን ሲጫን መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ሱቃችሁ ቁጥሩን ይይዝና ከትዕዛዙ ጋር ያስቀምጠዋል፤ ግዢው ሲጠናቀቅ የእናንተ ሰርቨር ለመሣሪያው ሰርቨር «ይህ ቁጥር ይህን ያህል ገዛ» ብሎ ይነግረዋል። ማስታወቂያ ማገጃ ያለው ብራውዘር ይህን መልእክት ሊያስቆመው አይችልም። ፕሮግራመር ግን ያስፈልጋል፤ ለአንድ ሁለት ቀን ሥራ ክፈሉት፣ ከዓመት ሙሉ ክርክር ይሻላል። በአውሮፓ ላሉ ደንበኞች የምትሸጡ ከሆነም ለክትትል ኩኪ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ መሆኑን አትርሱ። «አልፈቅድም» ያለ ሰው አይቆጠርም፤ ይህን ለአስተዋዋቂዎቻችሁ በግልጽ ንገሩ።

ስለ ኩኪ ዕድሜ አንድ ነገር ልጨምር። አማዞን የሚሰጠው 24 ሰዓት ነው፣ ያም ሆኖ አስተዋዋቂ አያጣም፤ ሰው እዚያ ገብቶ ሳይገዛ ስለማይወጣ። እናንተ አማዞን አይደላችሁም። ገዥው አስቦ የሚገዛው ውድ ነገር ከሆነ 30 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ስጡ።

ማንኛውንም መሣሪያ በሙከራ ጊዜው ራሳችሁ ፈትኑት። በአይፎን ሊንኩን ተጭናችሁ ከ8 ቀን በኋላ ግዙ። ማስታወቂያ ማገጃ ከፍታችሁ ግዙ። የአንዱን ሊንክ ተጭናችሁ የሌላውን ኩፖን አስገቡና ኮሚሽኑ ለማን እንደደረሰ እዩ። ከትዕዛዙ ግማሹን መልሱና ኮሚሽኑ በግማሽ መቀነሱን አረጋግጡ፤ ብዙ መሣሪያ የሚወድቀው በዚህ በመጨረሻው ነው፣ ወይ ሙሉውን ይተወዋል ወይ ሙሉውን ይሰርዘዋል።

ኮሚሽኑ ከየት ይወጣል?

100 የሚሸጥ ዕቃ አላችሁ፣ የመጣበት ዋጋ 60 ነው። 15 በመቶ ኮሚሽን፣ ለገዥው ደግሞ የ10 በመቶ ኩፖን ሰጣችሁ። ገዥው 90 ከፈለ። ኮሚሽኑ 13.50 ነው። ኔትወርኩ የኮሚሽኑን 30 በመቶ ይወስዳል፣ 4.05። የካርድ ክፍያ 3 በመቶ ቢሆን 2.70። ዕቃው 60። የሚተርፋችሁ 9.75 ነው። በአእምሯችሁ ግን 40 ታተርፉበት የነበረ ዕቃ ነው። ገዥው በእርግጥ አዲስ ከሆነ 9.75 መልካም ነው፤ አስተዋዋቂው ባይኖር ይህችም ትርፍ አትገኝም ነበር። ገዥው ያለ አስተዋዋቂውም ሊገዛ የነበረ ከሆነ ግን በቅናሹ፣ በኮሚሽኑና በኔትወርኩ 27.55 ጥላችኋል። ስለዚህ አዲስ ደንበኛንና የቆየ ደንበኛን ለይቶ የተለያየ ኮሚሽን የሚያስቀምጥ መሣሪያ ለዚህ ብቻ እንኳ ብልጫ አለው።

ሰብስክሪፕሽን የምትሸጡ «ለዕድሜ ልክ 30 በመቶ» እንድትሉ ትፈተናላችሁ። አትበሉ። የመጀመሪያዎቹን 12 ወራት ብቻ የሚከፍል ፕሮግራም ጥሩ አስተዋዋቂ አያባርርም፣ እናንተንም በ5ኛው ዓመት ከሥራው ለወጣ ሰው ከመክፈል ያድናችኋል። ኮሚሽን የሚጸድቀውም ዕቃ የመመለሻው ጊዜ ካለፈ በኋላ ይሁን፤ መመለሻው 30 ቀን ከሆነ በ31ኛው። ከዚያ በላይ ማቆየት የሰው ገንዘብ ይዞ መሥራት ነው።

ውሉ፦ ከሶፍትዌሩ በፊት የሚጻፈው

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ የሚለው ተረት ለዚህ የተባለ ይመስለኛል። ፕሮግራም ከተከፈተ በኋላ ሕግ ማውጣት ሰዎችን እንደማታለል ይቆጠራል።

እኔ ራሴ የረዳሁት አንድ ፕሮግራም ላይ በሦስተኛው ወር አንደኛ የወጣው የኩፖን ገጽ ነበር። ደስ ብሎን ኮሚሽኑን ከፍ አደረግንለት። በኋላ ሰዓቶቹን ስናይ ብዙዎቹ ገዥዎች ሊንኩን ከተጫኑ በኋላ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የከፈሉ ነበሩ። ለካ ዕቃውን ቅርጫት ውስጥ አስገብተው፣ «የኩፖን ኮድ» የሚል ባዶ ሳጥን አይተው፣ ኮድ ፍለጋ ወጥተው የተመለሱ ናቸው። ገጹ ያጠፋው ነገር የለም፣ ውላችን ዝም ስላለ ነው። ከዚያ ወዲህ ሊንኩን ከመጫን እስከ መግዛት ያለውን ጊዜ የማያሳይ መሣሪያ አልመክርም።

በ2024 መጨረሻ ታላቅ ክርክር ያስነሳው ጉዳይም ከዚህ ጋር ዘመድ ነው፤ ኩፖን የሚፈልጉ የብራውዘር ተጨማሪዎች (ኤክስቴንሽኖች) በመክፈያው ገጽ ላይ የሌላውን አስተዋዋቂ ምልክት በራሳቸው ይተካሉ የሚል ክስ ቀረበ። ጉግል በመጋቢት 2025 ለተጠቃሚው ጥቅም ሳይሰጡ የአፊሊየት ሊንክ ማስገባትን ለክሮም ተጨማሪዎች ከለከለ። እናንተም ውላችሁ ላይ ተጨማሪዎች ይፈቀዱ አይፈቀዱ፣ ቢፈቀዱም ሌላ አስተዋዋቂ ቀድሞ ካለ ኮሚሽን እንደማያገኙ ጻፉ።

በጉግል ላይ በድርጅታችሁ ስም ማስታወቂያ መግዛትን ከልክሉ፤ ስማችሁን ጽፎ የሚፈልግ ሰው ቀድሞውንም የእናንተ ነው። በራስ ሊንክ መግዛትንም እንዲሁ። ሰው ሳያውቅ ኩኪ እየዘሩ ኮሚሽን መሰብሰብ ደግሞ ውል ማፍረስ ብቻ አይደለም፤ በኢቤይ ፕሮግራም ላይ ይህን የሠሩ ሁለት ትልልቅ አስተዋዋቂዎች በ2014 አሜሪካ ውስጥ እስር ተፈርዶባቸዋል።

ግልጽነትም የውሉ አካል ይሁን። የአሜሪካው ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2023 ባሻሻለው መመሪያ አስተዋዋቂው እንደሚከፈለው ሊያመልጥ በማይችል መልኩ እንዲናገር ይጠበቃል፤ ነጋዴውም ማስተማርና መከታተል አለበት። «ሰውዬው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» ማለት አያዋጣም። ጉግል ደግሞ ከ2019 ጀምሮ የተከፈለባቸው ሊንኮች ስፖንሰርድ የሚል ምልክት እንዲደረግባቸው ይፈልጋል፤ ለአስተዋዋቂዎቻችሁ ምልክቱ ያለበትን ሊንክ አዘጋጅታችሁ ብትሰጧቸው ጭቅጭቁ ይቀራል።

አስተዋዋቂው ለምን ይቆያል?

በሰዓቱ ከተከፈለ፤ ኮሚሽን ሲሰረዝበት ምክንያቱ ከተነገረው፤ ኢሜይል ሲልክ ሰው ከመለሰለት። ከዚህ ብዙም አያልፍም። አማዞን በሚያዝያ 2020 የቤት ዕቃ ኮሚሽኑን ከ8 ወደ 3 በመቶ ሲያወርድ የሰጠው ማስጠንቀቂያ የአንድ ሳምንት ያህል ነበር። ግዙፍ ድርጅት ይህን ችሎ ያልፋል፤ ትንሽ ነጋዴ ቢሞክረው ሊንኮቹ በማግሥቱ ወደ ተፎካካሪው ይዞራሉ። መቀነስ ካለባችሁ 30 ቀን ቀድማችሁ ንገሩ፣ ለምን እንደሆነም ጨምራችሁ።

ታዲያ የቱን?

አስተዋዋቂ የለኝም የምትሉ፣ ኔትወርክ ከመግባታችሁ በፊት የራሳችሁን ደንበኞች ጠይቁ። ዕቃችሁን ወደው ሳይከፈላቸው የሚያወሩ ሰዎች ይኖራሉ፤ ለ10ሩ ኩፖን ስጡና 3 ወር እዩ። ከሠራና ሰው ከጨመረ ከሱቃችሁ ጋር የሚስማማውን ሶፍትዌር ተከራዩ፣ ሰርቨር ለሰርቨሩን አሠሩ። በብዙ አገር የምትሸጡ፣ ክፍያ መላክ ራሱ ሥራ የሆነባችሁ፣ ከኮሚሽኑ ላይ 30 በመቶ ተጨምሮም የሚተርፋችሁ ከሆነ ኔትወርክ ግቡ። ሁለቱን በአንድ ላይ መክፈት ይቻላል፣ ግን አንድ ትዕዛዝ ሁለት ጊዜ እንዳይከፈልበት ማን እንደሚቀድም በቅድሚያ ካልተወሰነ እኔ አልደፍረውም።

ለሽያጭ ሠራተኛው የሚቀርብ አንድ ጥያቄ ይቀራል። «ነገ ብንለያይ የአስተዋዋቂዎቼን ዝርዝርና የሽያጩን ታሪክ በፋይል ታስረክቡኛላችሁ?» በሉት፤ አዎ ካለ፣ በሙከራ ጊዜው አሁኑኑ እንዲያወጣላችሁ ጠይቁና ፋይሉን ከፍታችሁ እዩት።